በአንድ ሉር የተሰፉ

ከሊፋ ዓሣ ሲያጠምድ ያየ ሰው፣ «ይህ ሰው የተጣላው ከማን ጋር ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሌላው አጥማጅ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ቀዝቃዛ መጠጡን አጠገቡ አስቀምጦ ውሃውን እያየ ይዝናናል። ከሊፋ ግን ጥርሱን ነክሶ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ የማጥመጃ ዘንጉን እንደ ሽመል ጨብጦ ነው የሚቆመው።

ኮምቦልቻ ተወልዶ ልኳንዳ ቤት ውስጥ ነው ያደገው። አባቱ ቢላ ያስጨበጡት ጢም ሳያበቅል ነበር። አሁን ፀጉሩ ሸብቶ፣ በስደት አገር፣ ፋርመርስ ብራንች በሚባል ከተማ ካለ አንድ መጋዘን ፎርክሊፍት፣ ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። ካሮልተን ውስጥ በጠባብ አፓርትመንት ብቻውን ይኖራል። ሚስቱ ሰኪና ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ በልቶ አያውቅም። ምድጃው ፊት ቆሞ፣ ከድስቱ በማንኪያ እየጨለፈ ይጨርስና ድስቱን ያጥባል።

ቁጭ ብሎ ከሰው ጋር የሚበላው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሳክሲ በምትባለው ጎረቤት ከተማ፣ ጌትነት ጓሮ ነው። ጌትነት የደሴ ልጅ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር፤ ክርስቲያን። ወሎ ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ለሠርጉም ለለቅሶውም አንድ ድንኳን ይቀመጣሉ፣ ሥጋ ሲመጣ ግን ድስቱ ይለያል። የአንዱን እርድ ሌላው አይቀምስም። ዓሣ ግን አይታረድም፤ ከውሃ እንደወጣ የሁሉም ነው። ሁለቱ ሰዎች ሐይቁን የያዙት ለዚህ ነበር። ከያዙት ውስጥ ለትሪ የሚበቃቸውን ብቻ አስቀርተው ሌላውን ወደ ውሃው ይመልሱታል። የጌትነት ሚስት ሐይማኖት ዱቄትና ሚጥሚጣ አልብሳ ትጠብስላቸዋለች፤ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ከሊፋ ከዚያ ትሪ ሌላ ማዕድ የለውም። እሱም ያውቀዋል፣ ሐይማኖትም ታውቀዋለች፤ ስለዚህ ነው ከመሄዱ በፊት ሁልጊዜ «የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ጋሽ ከሊፋ» የምትለው።

የሚያጠምዱት ባስ የሚባለውን ዓሣ ነው። ባስ አፉ ቡጢ ያስገባል፤ ሲርበው ብቻ ሳይሆን ሲናደድም ይነክሳል። ከሊፋ ነፍስ ያለው ነገር መንጠቆ ላይ ሰክቶ አያውቅም፤ ትሏም ብትሆን ታሳዝነዋለች፣ ሃይማኖቱም አይፈቅድለትም። ስለዚህ ሳጥኑ ሙሉ ሉር ነው፤ የውሸት ማታለያ። ድንጋይ ለድንጋይ ቀስ ተደርጎ የሚጎተት የላስቲክ ትል አለው። ለደፈረሰ ውሃ የሚሽከረከር የብረት ቅጠል አለው። ሣር ላይ የሚዘል እግሩ የሚንቀጠቀጥ የላስቲክ እንቁራሪትም አለው። ከሁሉም የሚወደው ግን ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን፣ ወፍራም ጣት የሚያህለውን ነው። ሆዱም ጭራውም ላይ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ተንጠልጥሎበታል። የዘንጉን ጫፍ ወደ ታች ቸብ ቸብ ሲያደርጉት እንደቆሰለ ዓሣ ግራና ቀኝ ይወላገዳል።

«ባስ የቆሰለ አይምርም» ይላል ከሊፋ።

«አንተስ?» ይለዋል ጌትነት። «ኧረ የመንጠቆውን የኋሊት እሾህ በፒንሳ ተጫነው። አንድ ቀን ዓይናችንን ታወጣለህ።»

«እሾሁን ከጨፈለቅኩትማ ለዓሣው በር ከፈትኩለት ማለት ነው።»

ከሊፋ እንዲህ ነው። ባለፈው በጋ መርዘኛ እባብ ወደ ጀልባቸው ሲገባ በመቅዘፊያ ቀጥቅጦ ቀጥቅጦ፣ እባቡ ከሞተ በኋላም አላቆመም ነበር። ጌትነት «በቃ! አሁን የምትመታው ጀልባዬን ነው» ብሎ እጁን ያዘው።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ሬይ ሀባርድ ሐይቅ ላይ ነበሩ። የደቡብ ነፋስ ገና በጠዋቱ ተነስቷል። ውሃ ውስጥ የቆሙት የደረቁ ዛፎች አጠገብ ሞተሩን አጥፍተው ከሊፋ ያንን ሉር ወረወረ። ቸብ፣ ቸብ፣ ቸብ። ውሃው ከሥር እንደ ፈነዳ ነገር ተሰነጠቀ፤ ሉሩም ጠፋ።

ዘንጉ ጎበጠ። ክሩ እየጮኸ ወጣ። ዓሣው ወደ ዛፎቹ ሥር ሊገባ ሲል ከሊፋ በወገቡ ስቦ መለሰው። ዓሣው ከውሃው ዘሎ ወጥቶ ራሱን በአየር ላይ ናጠ፤ ጉሮሮው ደም መሰለ። ስንት ዓመት ሲያጠምዱ እንዲህ ያለ አላዩም።

«በጊሸን ማርያም!» አለ ጌትነት። «ይሄ ዓሣ አይደለም፣ ጥጃ ነው! አምጣው፣ አምጣው፣ እኔ መንጋጋውን ልያዘው!»

ጎንበስ ብሎ ቀኝ እጁን ወደ ዓሣው አፍ ሰደደ። የጭራው መንጠቆ ዓሣውን ይዞ ነበር፤ የሆዱ መንጠቆ ግን ነጻ ነበር። ዓሣው ሲናጥ ያ ነጻ መንጠቆ የጌትነት አውራ ጣት ሥር ገብቶ እስከ ወገቡ ሰመጠ። ሰውና ዓሣ በአንድ ሉር ተሰፉ። ዓሣው በዘለለ ቁጥር መንጠቆው ሥጋውን ይተለትለዋል። ጌትነት ጮኸ፤ እንደ ሰው አልጮኸም።

ከሊፋ ዘንጉን ጣለ። ዓሣውን በጉልበቱ ተጭኖ ቢላውን መዘዘ። አላሰበም፤ እጁ ከልኳንዳው ጀምሮ የሚያውቀውን ሠራ። «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር!» ብሎ ጉሮሮውን በአንድ ስበት ሸነተረው። ዓሣው ተንፈራገጠና ጸጥ አለ። ከሊፋ በፒንሳ የጭራውን መንጠቆ ከዓሣው አፍ ነቀለ። ሉሩ አሁን ጌትነት እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ጌትነት ደሙን ረስቶ ዓሣውን ያያል።

«ምን አደረግክ?»

«ገደልኩልሃ! እጅህን ሊጨርሰው አልነበር?»

«አልገደልከውም። አረድከው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ኧረ በነቢ! ዓሣ ይታረዳል እንዴ?»

«አንተ አረድከዋ! ይህን ሁሉ ዘመን ስንመኘው የኖርነውን ዓሣ የአንድ ወገን ሥጋ አደረግከው። እንዴት አድርጌ ነው የሚስቴ መጥበሻ ውስጥ የማስገባው?»

ከሊፋ ያን ጊዜ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። ግን ደነገጠ፤ ሲደነግጥ ደግሞ ይቆጣል።

«ታዲያ በስመ አብ ብለህ ድገመዋ! አንገቱ ይኸው፣ አልቀረብህም!»

ጌትነት በግራ እጁ መቅዘፊያውን አንስቶ የከሊፋ ትከሻ ላይ አሳረፈው። ከሊፋ ደረቱን ገፈተረው። ጀልባዋ ተንገዳገደች፤ ፒንሳው ውሃ ገባ፣ የሉሩ ሳጥን ተገለበጠ። ተያያዙ። ከሊፋ አፍንጫውን መታው፤ ጌትነት ጆሮውን ይዞ ጠመዘዘው። ሁለት የሸበቱ ሰዎች በዓሣ ደም ላይ እየተንሸራተቱ ተደባደቡ።

«በሃይማኖቴ ትቀልዳለህ? ቤቴ አትደርስም! ከዛሬ ወዲያ ደጄን እንዳትረግጥ!»

ጌትነት ይህን እያለ በቆሰለው እጁ ሰነዘረ። የተንጠለጠለው ሉር ዞሮ መጣና የጭራው መንጠቆ የከሊፋ ግራ ክንድ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ባሉበት ደረቁ። የአንዱ እጅ ከሌላው ክንድ ጋር ተሰፍቷል፤ አንዱ ቢንቀሳቀስ ሁለቱም ይጮኻሉ።

«እንዳትንቀሳቀስ» አለ ጌትነት በተሰበረ አፍንጫው እያለከለከ።

«አንተ አትንቀሳቀስ።»

ነፋሱ ግን አልቆመላቸውም። ጀልባዋ ጎኗን ሰጥታ ወደ አውራ ጎዳናው ድልድይ፣ ሥሩ ወደ ተከመረው ስለታም ድንጋይ ትነዳ ነበር። ማዕበሉ ከጠርዟ በላይ ይገባል። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ እነሱ ከፊት ተቆላልፈው ተንበርክከዋል። አብረው ለመነሳት ሲሞክሩ ጀልባዋ ልትገለበጥ አለች፤ ተመልሰው ወደቁ። ጌትነት ዋና አይችልም፤ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ጃኬት ሙቀቱን ጠልቶ አውልቆ መቀመጫው ላይ ትቶታል። ድንጋዩን አየ፣ ከዚያ ከሊፋን አየ፤ የተናገረውን ሁሉ የረሳ ይመስል ነበር።

ከሊፋ አልረሳም። «ደጄን እንዳትረግጥ» የሚለው ቃል ከክንዱ ይበልጥ ወግቶታል። ሉሩን በቀኝ እጁ ጨበጠ፤ የጌትነት እጅ እንዳይሳብ አጥብቆ ያዘው። ከዚያ የራሱን ክንድ ወደ ኋላ ሸመጠጠው። እሾሁ ሥጋውን ይዞ ወጣ። ቆዳው እንደ አሮጌ ጨርቅ ሲተረተር ጌትነት ሰማው። ከሊፋ ደሙን እያንጠባጠበ በአራት እግሩ ወደ ኋላ ድኾ የሞተሩን ገመድ ሳበ። አልነሳም። ጀልባዋ ድንጋዩን አንዴ ገጨች፤ ብረቱ ተጨራመተ። ደግሞ ሳበ። ሞተሩ ተነሳ።

ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሟ መንጠቆውን ቆርጣ አወጣች፤ የአንዱን እጅ የሌላውን ክንድ ሰፋች። «ምን ሆናችሁ?» ስትላቸው ሁለቱም «ዓሣ ነው» አሉ።

ጌትነት መንዳት ስላልቻለ ሳክሲ ድረስ መኪናውን ከሊፋ ነዳ። በር ላይ ፓርክ አድርጎ ቁልፉን አቀበለው። ከኋላ ዓሣው ያለበትን ሳጥን አወረደ።

«ይሄን መስጊድ ለሚበላ እሰጠዋለሁ» አለ መሬት መሬት እያየ። «እውነትህን ነው፤ አረድኩት። የኋላው ቀልዴ ደግሞ ቀልድ አልነበረም። አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ።»

ጌትነት ቁልፉን ይዞ ገባ። ከሊፋ ሳጥኑን ይዞ፣ ወደ ካሮልተን የሚወስደውን መኪና በስልኩ ሊጠራ ሲል ሐይማኖት በሩ ላይ ብቅ አለች። ውስጥ ካለው ባሏ ፊት ወደ ከሊፋ ፊት ዓይኗን አመላለሰች።

«ጋሽ ከሊፋ፣ ምን ያቆምዎታል? ሽሮ ነው የሠራሁት፤ ይግቡ።»

«ደህና ነኝ ልጄ። ልሂድ።»

«ግባ ተብለሃል!» አለ ጌትነት ከውስጥ።

ትሪው ጓሮ ቀረበ። ከሊፋ ጫፉ ላይ ተቀመጠ፤ እጁን አልዘረጋም። የጌትነት ቀኝ እጅ እስከ ጣቱ ድረስ በፋሻ ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ ተኝቷል። በግራ መብላት ነውር ሆኖበት እንጀራውን ብቻ ያያል። አፍንጫው አብጧል። ፊቱን ወደ ከሊፋ መለሰ።

«ምን ታየኛለህ? እጄን ያስበላኸው አንተ ነህ። አጉርሰኝ እንጂ።»

ከሊፋ እንጀራውን ቆረሰ፤ ሽሮውን አስነክቶ ጠቀለለ። ጌትነት አፉን ከፈተ።