ለማርቆስ የተወጠረው ሸራ

ንጋት 12 ሰዓት፤ ሶዶ

የዳሞታ ተራራ ገና ጉም ለብሷል። ባለቤቴ ማርቆስ ሆዱን ኦፕራሲዮን ከሆነ ሳምንቱ ነው፤ ዛሬ ከሆስፒታል ወጣ። ምግብ ግን እምቢ ብሏል። ሐኪሙ ተኝቶ ይጓዝ፣ ቁስሉን ውሃ እንዳይነካው አሉ። የእህቴ ልጅ ታምራት ለቱሪስቶች የሚያከራየውን ባለ አልጋ ሚኒባስ አመጣልን። ምድጃ አለው፤ መጋረጃ አለው፤ ጣሪያው ላይ ሳይቀር መስኮት አለው። ጸለይንና ወደ ቤታችን፣ ወደ ጉኑኖ ተነሣን።

1 ሰዓት ተኩል፤ መንገድ ላይ

ስፌቱ እንዳይጎተት ታምራት እንደ ሙሽራ አጃቢ ያዘግማል። ባጃጆች አለፉን። ጎደሬ የጫነች አህያም አለፈችን።

«አክስቴ፣ አህያዋ ዞራ አየችን» አለ።

2 ሰዓት፤ ጉኑኖ ሳንደርስ

ዝናቡ ወረደ። የጣሪያው መስኮት አልዘጋ አለ። ውሃው ከማርቆስ ሆድ አንድ ስንዝር ርቆ ይንጠባጠባል፤ እሱ በመድኃኒቱ ተኝቷል። መንገድ ዳር ቆመን ሰማያዊ ሸራ አወጣን። አንዱን ጫፍ በጣሪያው አሳልፈን ከወዲያኛው ጎማ፣ ሌላውን ከሁለት ባሕር ዛፎች ጋር አሰርን። መሃሉ ውሃ አቁሮ እንደ ላም ሆድ ተዘረጠጠ። ነጠላዬን ተከናንቤ ሥሩ ቆምኩ፤ ጸለይኩ።

የተወጠረ ሸራ፣ የተከናነበች ሴት፣ መጋረጃው የተዘጋ መኪና። በእኛ አገር ይህን አይቶ የሚያልፍ የለም።

መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ደረታቸውን እየመቱ መጡ።

«እማማ፣ የሞተ ሰው የለም።»

«አይዞሽ ልጄ፤ እኔም ባሌ ሲሞት እንዲሁ ብያለሁ።»

ቀጥሎ የእድር ሰዎች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ደረሱ። የእድሩ ዳኛ ቀና ብለው ሸራውን አዩት።

«ይህን የወጠረው ማነው?»

ታምራት እጁን አወጣ።

«ሟቹን ልትገድለው ነው እንዴ? ውሃው ወደ መኪናው እኮ ነው የሚሄደው!»

መሃሉን በረጅም እንጨት ደገፉት፤ በመንገዱ በኩል ዝቅ አድርገው እንደገና አሰሩት። እያለቀሱ ነው ያሰሩት፤ ቋጠሯቸው ግን አይላላም። ውሃው ተንዶ ወደ ቦዩ ሄደ። መኪናው ውስጥ ጠብታው ቆመ። ጌታ ይባርካቸው።

3 ሰዓት፤ እዚያው

ማርቆስ በልቅሶው ነቃና መጋረጃውን ገለጠ።

«ማን ሞተ?»

ልቅሶው ቀጥ አለ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንተ ነበርክ» አሉት።

ማርቆስ አንዲት ሴት ለለቅሶኛው ያመጣችውን የጎደሬ ሳህን አየ።

«ታዲያ ይሄ ሊመለስ ነው?»

በሳምንት ውስጥ ምግብ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው። ያን ጊዜ እኔም አለቀስኩ። ሁለት ጎደሬ በላ፤ የሚያቃጥለውን የቃሪያ ዳጣ ብቻ ከለከልኩት። ዳኛው የምስጋና ጸሎት አደረጉ።

አሮጊቷ ግን ተቆጥተዋል። «የአንተን አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ በሞትህ ቀን እንዳትጠብቀኝ!»

«እንግዲያው እቆያለሁ» አላቸው።

5 ሰዓት፤ ጉኑኖ

ዝናቡ አባርቶ ገባን። ፋሻውን ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። ማርቆስ ገና ጋደም ከማለቱ ጎደሬ ቀቅዪልኝ አለኝ።

ተመስገን። እሳት ላይ ጥጄዋለሁ።