ሰፈሩ የሚያውቀው እስትንፋስ

በእኛ ሰፈር፣ ከየካ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ሞት የሚሰማው በለይኩን አፍ ነው። ሌላው እድር መልእክቱን በስልክ መላክ ከጀመረ ቆየ፤ የእኛ ግን ዛሬም ጥሩምባ ያስነፋል። ጎህ ሲቀድ ከባሕር ዛፎቹ በኩል አንድ ረጅም ድምፅ ይመጣል፤ ቀጥሎ «እድርተኞች! እገሌ አርፈዋል፣ ቀብር ስድስት ሰዓት!» ይባላል። ሰው የሚያውቀው ጥሩምባውን ብቻ አይደለም፤ እስትንፋሱንም ያውቃል። ለይኩን መጨረሻው ላይ ድምፁን ወደ ላይ ሰበር ያደርገዋል፣ የሆነ ነገር የሚጠይቅ ይመስል።

ለይኩን ሸማኔ ነው። ከሚስቱ ከብርቄ ጋር በጉብዝናው ወራት ከሰሜን ሸዋ መጥቶ እዚሁ አረጀ። ጀርባው ጎብጧል፣ ሳንባው ግን አልጎበጠም። ቀብር ሲኖር አስከሬኑን ተከትሎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሄዳል፤ አይገባም። ጥሩምባ ይዞ መግባት ስለማይሆን ነው እንል ነበር። ድንኳን ውስጥ ሥጋ ሲቀርብለት «ጨጓራዬ» ብሎ ወደ ሽሮው ይዞራል። ሰው ላየው ነገር ሁሉ ምክንያት ይፈልግለታል፤ ምክንያቱን ካገኘ በኋላ ማየቱን ይተዋል። ፍልስፍና ሳስተምር ይህን ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ብያለሁ፤ የጎረቤቴ ጨጓራ ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ባለፈው መስከረም፣ አደዩ ገና ሳይረግፍ፣ አጥሬ ሥር ካለችው አግዳሚ ላይ መጥቶ ተቀመጠ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ብርቄ እንኳ አትንገር ብላኛለች።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ?»

«እርስዎ አስበው ሳይጨርሱ አይናገሩም። አስበው ደግሞ አይጨርሱም» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ።

ነገረኝ። እሱና ብርቄ እምነታቸው የአይሁድ ነው። በአገራቸው «ቡዳ» እየተባሉ አድገው፣ ማንም ወደማያውቃቸው ከተማ ሸሹ። እዚህ መሰሎቻቸውን አግኝተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ኪራይ ክፍል ይጸልያሉ። «ብርሃን ሠረቀ» የሚሉት የአዲስ ዓመት በዓላቸው ሲደርስ ሾፋር ይነፋል፤ የበግ ቀንድ ነው፣ መጽሐፉ ቀንደ መለከት የሚለው። እስካሁን መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለው ነበር የሚነፉት። ዘንድሮ ያ ቤት ለመንገድ ፈረሰ። ከመካከላቸው ግቢ ያለው ለይኩን ነው፤ ትንፋሽ ያለውም ለይኩን።

«ነፃነት የምትባል ልጅ አለች፣ አብራን የምትጸልይ» አለኝ። «‹ጋሼ፣ ሞትን በአደባባይ እየነፉ የእግዜርን ቀን በብርድ ልብስ ያፍናሉ?› አለችኝ። ምን ልበላት?»

«አንተስ ምን ፈራህ?»

ወደ ቤቱ አየ። ብርቄ ከክረምት ጀምሮ ከአልጋ አልተነሣችም፤ ሐኪሞቹም ተስፋ አልሰጧቸውም። ልጅ የላቸውም።

«ስታርፍ ማን ይሸከማታል? እኔ ለሁሉም ነፍቻለሁ፣ መምህር። ሰው ካወቀ በኋላ ለእሷ ተነፍቶ በሩ ሁሉ ዝም ቢልስ?»

እስከ በዓሉ ድረስ በአጥሩ ማዶ የሽመናውን መወርወሪያ ድምፅ አዳምጥ ነበር፤ ይጀምራል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። የተወጠረው ድር ላይ ተደፍቶ የሚያስበውን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ጥቂት ሰዎች ነጭ ለብሰው ወደ ግቢው ገቡ። እኔም ጥሪ ስላልነበረኝ አጥሩ ሥር ቆምኩ። ለይኩን ቀንዱን አንሥቶ ከንፈሩ ላይ አደረገ። አንድ ረጅም ድምፅ ወጣ። ከዚያ የተሰባበሩ፣ ከዚያም የሚንሰቀሰቅ ሰው የሚመስል ቁርጥርጥ። መጨረሻው ላይ ያው ወደ ላይ ሰበር ማለቱ።

ሰው ያውቅብናል ብለን ስንፈራ ያላሰብነው ነገር ይህ ነበር። ሰፈሩ የሰማው ሾፋር አይደለም፤ የለይኩንን እስትንፋስ ነው። የሟች ስም ደግሞ አልተጠራም። ለይኩን ነፍቶ ስም መጥራት የሚያቅተው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ጉልት ቸርቻሪዋ ጎረቤታችን ዘቢደር ነጠላዋን ዘቅዝቃ በሩን በርግዳ ገባች። «ብርቄዬ! እህቴ! ሳልሰናበትሽ!» ከኋላዋ ወንዶቹ የድንኳኑን ብረት ተሸክመዋል። የእድሩ ዳኛ አቶ ቀነኒሳ ከዘራቸውን ተመርኩዘው እያለከለኩ ደረሱ።

ከቤት ውስጥ ደከም ያለ ድምፅ መጣ። «ዘቢዬ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?»

ዘቢደር ድርቅ አለች። «አንቺ ነሻ!»

«ገና ነኝ። ስሞት እነግርሻለሁ።»

አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ። ከዚያ ዓይኖች ሁሉ ነጭ ወደለበሱት እንግዶችና ወደ ቀንዱ ዞሩ፤ ሳቁም ቆመ።

«ለይኩን፣ ይሄ ምንድነው?» አሉ ቀነኒሳ።

«በዓላችን ነው፣ አቶ ቀነኒሳ።» ቀንዱን ዘረጋላቸው። «እኔና ብርቄ አይሁድ ነን።»

ከበሩ አካባቢ አንድ ሰው «ድሮም ሸማኔ…» ብሎ ጀምሮ ተወው። ያልተጨረሰ ስድብ ከተጨረሰው ይከፋል፤ እያንዳንዱ በየልቡ ይጨርሰዋል።

ቀነኒሳ ቀንዱን ተቀብለው አገላበጡት።

«የበግ ነው?»

«የበግ ነው።»

«ጨርሰሃል?»

«አልጨረስኩም።»

«እንግዲያው ጨርስ። ሰው ሥራ አለበት» ብለው መለሱለት። ወንዶቹ ብረቱን አንሥተው ወጡ፤ የተሰናበተ የለም። ዘቢደር ብቻ ወደ ብርቄ ገባች።

ለይኩን እንደገና ሲነፋ መጀመሪያ የወጣው ባዶ አየር ነበር።

ሲመሽ «አየህ፣ ሮጠው መጡ እኮ» አልኩት።

«የመጡት ሳያውቁ ነው፣ መምህር። አሁን አውቀዋል።»

ብዙ አሰብኩበት። ለጎረቤት የሚሮጥ እግር የሚሮጠው ለሰውየው ነው ወይስ ሰውየው ነው ብሎ ለገመተው? አስቤ አልጨረስኩም። በዚያ ሰሞን ሰላምታው አጠረ። ሁለት ሴቶች ቀሚስ ሊያሠሩ የሰጡትን ፈትል መልሰው ወሰዱ። ለይኩን ብርቄ በሳለች ቁጥር ወደ በሩ ያያል።

ኅዳር ላይ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጥሩምባ ሰማሁ። እስትንፋሱን አላወቅሁትም። የታነቀ፣ የሚንቋረር፣ መሀል ላይ የሚቋረጥ ድምፅ ነበር። ቀነኒሳ ነበሩ፤ በዕድሜያቸው ጥሩምባ ነፍተው የማያውቁ ሰው።

«እድርተኞች! ወይዘሮ ብርቄ፣ የለይኩን ባለቤት፣ አርፈዋል!»

ኮቴን ደርቤ ወጣሁ። ለይኩን ደጁ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያዳምጣል። ትከሻውን ያዝኩት፤ አላየኝም። ከታች ውሻ ጮኸ። ሌላ ምንም የለም። ቀነኒሳ ደግመው ነፉ፣ ካለፈውም የባሰ።

ያኔ አንድ መቀርቀሪያ ተሳበ፤ የዘቢደር በር ነው። ቆይቶ ሌላ። ቆይቶ ደግሞ የድንኳኑ ብረት ድንጋይ ላይ እየተጎተተ ዳገቱን ሲወጣ ሰማን።

«መጡ» አልኩት።

«እሰማለሁ» አለ። አንገቱን ግን ዘንበል እንዳደረገ፣ ገና ያልተከፈቱትን በሮች ያዳምጥ ነበር።