የእህቴ ልጅ ፉጨት

መኪና በመንገድ ሲያልፍ ድምፁን ብቻ ሰምቼ ምኑ እንደተበላሸ ካልነገርኳችሁ ምን አለ በሉኝ። እዚህ ሰው አገር፣ ሞርስ ሮድ የሚባል መንገድ ላይ ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዓመት ሰርቻለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ኮምፒውተር ሰክተው ኮድ ሊያነቡ ገመድ ሲፈልጉ፣ እኔ «ቺንጊያው ነው»፣ «ማርሚታው ነው» ብዬ ጨርሼ እጄን ታጥቤያለሁ። ትምህርቴን ከጠየቃችሁኝ ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ ነው የተማርኩት፤ አስራ ስድስት ብላችሁ ያዙልኝ።

እህቴ ኖርዝላንድ በሚባለው ሰፈር እኔ ካለሁበት አፓርትመንት ሁለት ፎቅ ከፍ ብላ ነው የምትኖረው። ባሏ ትራክ ነጂ ነው። ልጃቸው በተወለደ በአስረኛው ቀን ጭነት ይዞ ወደ ምዕራብ ወጣ። ስለዚህ አራስ ጠያቂውም፣ ሹፌሩም፣ ዳይፐር ገዢውም እኔ ሆንኩ። ልጁ ገና ክርስትና ስላልተነሳ ስም አልወጣለትም፣ እኔ ግን «አለቃ» እለዋለሁ። ይጮሃል፣ ሰው ሁሉ ይሯሯጣል፣ እሱ ምንም አይሠራም።

አለቃ ሲተነፍስ ያፏጫል። ሲተኛ ቀስ ብሎ ነው፣ ጡት ሲይዝ ግን ክፍሉ ሁሉ ይሰማዋል። ሁለት ሦስቴ ይስብና ጡቱን ለቆ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቆልምሞ ጣራ ጣራ ያያል። እህቴ መጀመሪያ ላይ «በአጎቱ ወጥቶ ነው እንዲህ የሚንጠባረረው» ብላ ሳቀች። እኔ ደግሞ ጆሮዬን ጣል አደረግኩና አፍንጫው ተደፍኖ ነው ብዬ በሙሉ ልቤ ፈረድኩ። የአፍንጫ መሳቢያ ፓምፕ ገዝቼ ሰባት ጊዜ ሳብኩለት። ምንም አልወጣም። ፉጨቱ እንዳለ ነው። አለቃ ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

በሦስተኛው ሳምንት ከጎኗ በር ያሉት እትዬ አጥሚት ይዘው መጡ። እዚህ አገር ብዙ ዓመት የኖሩ፣ በሰፈሩ አራስ ሁሉ እጃቸው ያለበት ሴትዮ ናቸው። ልጁን አቅፈው ትንሽ አዳመጡት፣ ከዚያ እንጥሉ ወርዷል አሉ፤ ሌላ ከተማ እንጥል የሚቆርጡ ሰውዬ አሉ፣ እጃቸው የተባረከ ነው፣ ቅዳሜ ውሰጂው አሏት። የራሳቸውን ሦስት ልጆች አገር ቤት እያሉ አስቆርጠዋል፣ ይኸው ሦስቱም ደህና ናቸው።

«እትዬ፣ ትልቁ ልጅዎ እኮ ከኛ ጋር ነው የሚሠራው» አልኳቸው። «ምሳ ሰዓት ጋደም ብሎ ሲያንኮራፋ ኮምፕረሰሩ የተነሳ ነው የሚመስለን።»

«አንተ ስድ» አሉኝና ሳቁ። እህቴ ግን አልሳቀችም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ፣ ያ ከተማ በመኪና ስንት ሰዓት ይፈጃል ብላ ጠየቀችኝ።

ያኔ ፈራሁ። ልጁ ከሩብ እንጀራ አይበልጥም፣ አየሩን ታግሎ ነው የሚስበው፣ እዚያች ጉሮሮ ውስጥ ምላጭ ሊገባ ነው። እኔ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ የማንንም መኪና ብሎን ፈትቼ አላውቅም አልኳት። ሐሙስ ክሊኒክ አፖይንትመንት አለው። መጀመሪያ ዶክተሯ ትየው። ምንም የለበትም ካለች ቅዳሜ እኔው ራሴ እነዳችኋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። እንዴት ያለ ቂል ቃል እንደሆነ የገባኝ ሐሙስ ዕለት ነው።

ሐሙስ አለቃ በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ የሰው ዓይን እንዳይበላው ፊቱ ሳይቀር ተሸፍኖ፣ ዶክተሯ ፊት ስንደርስ ለጥ ብሎ ተኛ። ፉጨት የለ፣ ምን የለ። መኪናም እንዲሁ ነው፣ ከቤት እየጮኸ መጥቶ ጋራዥ ሲገባ ጨዋ ይሆናል። ዶክተሯ ገና ወጣት ናት፤ አስተርጓሚው በስልክ ነው። ልጁ እንዴት ነው ብላ ጠየቀች።

እህቴ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» አለች።

ጡት እንዴት ነው? ተመስገን፣ ይጠባል። እንቅልፉስ? ተመስገን። አስተርጓሚው ደህና፣ ደህና፣ ደህና እያለ ተረጎመ፤ ዶክተሯም ደህና፣ ደህና፣ ደህና እያለች ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች። እኛ ጋ እንዴት ነህ ሲባል ክፉ ነኝ የሚል ሰው አለ? በቃሬዛ የሚሄድ ሰው እንኳን ተመስገን ነው የሚለው። ሰላምታው ሦስት ዙር ይሄድና፣ ቡና ተጠጥቶ፣ እንግዳው ሊሄድ በር ይዞ ሲቆም ነው «መቼም ያቺ ነገር እያመመችኝ ነው» የሚባለው። እዚህ አገር ደግሞ ሰላምታችን ሳያልቅ ቀጠሮው ያልቃል።

ዶክተሯ ደረቱን በማዳመጫ ነካ ነካ አደረገችና፣ አንዳንድ አራስ ልጅ ጉሮሮው ለስላሳ ስለሚሆን ድምፅ ያሰማል፣ ሲያድግ ይተወዋል አለች። እህቴ ዞራ አየችኝ። አስተያየቷ ቅዳሜ ነው የሚለው።

«ይቅርታ ዶክተር» አልኩ በእንግሊዝኛዬ። «እህቴን ይሉኝታ ይዟት ነው። ልጁ ደህና አይደለም። አሁን እዚሁ ይጥባና እይው።»

እህቴ «ምን ሆነሃል? ሰው ፊት አታዋርደኝ» አለችኝ። አስተርጓሚው የሰማውን ሁሉ መተርጎም ግዴታው መሰለኝ፣ ይህንንም ቃል በቃል ተረጎመው። ዶክተሯ ሳቋን ዋጠችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልብሱን ሁሉ አውልቂለት አለቻት።

እህቴ በስመ አብ እያለች ፈታታችው። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ የቀጭኔ ሥዕል አለ። አለቃ ጡት ያዘ፣ አንድ፣ ሁለት ብሎ ፉጨቱን ለቀቀው። የኮምፒውተሩ ቁልፍ ድምፅ ቆመ። በኋላ እህቴ እንደነገረችኝ ዶክተሯ ወለሉ ላይ በርከክ ብላ፣ ሰዓቷን እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቆጠረች። በሳበ ቁጥር የጎድን አጥንቱ ሥርና የአንገቱ ጉድጓድ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። እግሩ ላይ ኦክስጅን የምትለካ ቀይ መብራት አሰረችለት። ከዚያ ጠየቀች፦ የሚያፏጨው አየር ሲያስገባ ነው ወይስ ሲያስወጣ?



«ሲያስገባም ሲያስወጣም ነው» አልኩ ለቀጭኔው።

«ዞር በልና ድገምልኝ» አለችኝ ዶክተሯ።

ዞሬ በአማርኛ ደገምኩላት። የላላ ክዳን አየር ሲስበው ብቻ ነው የሚጮኸው፣ የተጨመደደ ቱቦ ግን በሁለቱም በኩል ይጮሃል። አንገቱንም ወደ ኋላ የሚያደርገው ቱቦውን ሊያቃና ይሆናል አልኩ። አስተርጓሚው ቱቦ ላይ ሲደርስ ትንሽ ተደናበረ፣ እኔ በእጄ አሳየኋት። ዶክተሯ አልሳቀችም። ለስላሳ ጉሮሮ አብዛኛውን ጊዜ ሲያስገባ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ይሄ ሁለቱም ከሆነ የአየር ቧንቧውን ከውጭ የሚጫን ነገር ሊኖር ይችላል አለች። በዚያው ቀን የልጆች ሆስፒታል ላከችን።

እዚያ ራጅ አነሱት፣ ልቡን በአልትራሳውንድ አዩት፣ በማግስቱ ደግሞ በደም ሥሩ ቀለም ሰጥተው ሌላ ፎቶ አነሱት። አንድ ሽማግሌ የልብ ዶክተር ወረቀት ላይ ሣለልን። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ በአንድ በኩል ብቻ መዞር ነበረበት። የአለቃ ግን ማህፀን ውስጥ እያለ ለሁለት ተከፍሎ፣ የአየር ቧንቧውንና የምግብ ቧንቧውን አንድ ላይ ከቦ ከኋላ ተገናኝቷል። አየሁትና ፋሼታ ነው አልኩ። እኛ ቱቦ የምናጠብቅበት የብረት ቀለበት ማለት ነው። ሁለት ቱቦ በአንድ ፋሼታ ታስሯል።

እህቴ ወረቀቱን ብዙ ካየች በኋላ «እንጥሉስ?» አለች።

ሽማግሌው ባትሪ አብርቶ የአለቃን አፍ አየ። እንጥሉ ቦታው ላይ ነው፣ ምንም አልሆነም አለ። እህቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

«ቅዳሜ ወስጄው ቢሆን ኖሮስ?» አለችኝ።

«መኪናዬ ቤንዚን አልነበረውም» አልኳት።

ሰርጀሪው የሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ባሏ ጭነቱን አራግፎ መጣ። እትዬም መጡ፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ስለ እንጥል ቆራጩ ሰውዬ እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አላነሳሁ። እኔ አፌን ይዤ አራት ሰዓት ስቀመጥ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሊመዘገብልኝ ይገባል። የቀደደው ሐኪም ወጥቶ፣ በግራ ጎድኑ በኩል ገብተን ቀጭኑን ቅርንጫፍ ቆርጠናል፣ ቀለበቱ ተከፍቷል አለን። የአየር ቧንቧው ግን ታንቆ ስለቆየ ለስላሳ ነው፣ እስኪጠነክር ጥቂት ወራት ማፏጨቱ አይቀርም። ባሏ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ከክሊኒኩ ጀምሮ አብሮን ያልተንከራተተ ሰው ምን ያውቃል።

በሦስተኛው ቀን ጡት ስጪው አሏት። ሦስታችን እሷንና ልጁን ከበን ፍፁም ቅጣት ምት እንደሚጠብቅ ሰው ቆምን። አለቃ ያዘ። ሁለት። ሦስት። እኔ ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ፣ እትዬ በክርናቸው ጎሸሙኝ፣ በሆዴ ቀጠልኩ። አስር አለፈ፣ አልለቀቀም። ያፏጫል፣ ግን ቀጥኗል፣ አንገቱም ከእናቱ ክንድ ላይ ንቅንቅ አላለም። ሠላሳ ምናምን ላይ ቆጠራው ጠፋብኝ። አለቃ የለቀቀው ደክሞት አይደለም፣ ጠግቦ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ጠግቦ አያውቅም ነበር። እህቴ ሌላኛውን ጡት አዘጋጅታ ጠበቀችው፤ ጌታው አፉን እንደከፈተ፣ ወተቱ በአገጩ እየወረደ፣ ማንንም ከቁም ነገር ሳይቆጥር እንቅልፉን ለጠጠው።