ማርስ ላይ ሚኒባስ የምትጠብቀው ሴት

ከጦርነቱ በፊት በነበረው በጋ፣ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ ከአክስቴ ጋር በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ማርስን እየሠራሁ ነበር። ቀልዴን አይደለም። የፍሪጅ ማሸጊያ ፎም ቆርጬ፣ ጀሶ ለብጬ፣ ላዩ ላይ የቀይ ጡብ ዱቄት ነስንሼ መሬቱን ጨርሼዋለሁ። ካርቶን ውስጥ ሆኖ አልጋዬ ሥር ይውላል። የቀሩኝ ሰዎቹ ነበሩ። ጀብራ ሰፈር በሠራተኝነት የምሠራበት ቤት ልጆች የፕላስቲክ ወታደሮቻቸው ሰልችተዋቸው ነበር፤ እመቤቲቱ ከፈለግሽ ውሰጃቸው ብላ በፌስታል ሰጠችኝ።

የእኔ ማርስ ግን ጦር ሜዳ አልነበረችም። የሃፍላ ፌርማታ ነበረች። ካርቱም ውስጥ ሚኒባሱን ሃፍላ ነው የምንለው፣ ዕድሜያችን የሚያልቀውም እሱን ስንጠብቅ ነው። ስለዚህ የወታደሮቹን ጠመንጃ በምላጭ ቆርጬ ዘምቢል አስያዝኳቸው። የአንዱን ጭንቅላት ነቅዬ በሌላው ላይ ተከልኩ። የኪኒን ማሸጊያ ላይ ያለችው ጉብ ያለች ፕላስቲክ የራስ ቁር ሆነችላቸው፣ የተበላሸ የቻርጀር ገመድ ደግሞ የአየር ቧንቧ። እግር ቆርጦ አቋቋም ለመቀየር ሙጫ ብቻውን አይችልም፤ በጋለ መርፌ ትበሺና ቀጭን ሽቦ ትከቺበታለሽ፣ ከዚያ ነው የሚጣበቀው። ከስልክ ቪዲዮ ነው የተማርኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የሰው ወለል ስወለውል፣ አንዴ እንኳ የጀመርኩትን ነገር ልጨርስ ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አክስቴ እዚያው ዴም አንድ ምግብ ቤት ታስተናግድ ነበር። ጠዋት ትገባለች፣ እስኪዘጋ ቆማ ነው። በዚያ በጋ ቀኝ ጉልበቷ አበጠ። ሐኪሙ እረፍት አዘዘላት። እረፍት ማለት ሥራውን ለሌላ ሰው ማስረከብ ነው፣ የሚረከበው ደግሞ ሞልቷል። እግሬን ካጣሁ ምን ቀረኝ ትላለች። እኔ ጉልበቷን በሰሊጥ ዘይት አሻለሁ። ማሸቱ እንደማያድናት እያወቅኩ አሻለሁ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ግቢ ውስጥ ልብስ አስጥቼ ስገባ አክስቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ልትጠርግ ጎንበስ ስትል ካርቶኑን አግኝታ ስባዋለች። ጭንቅላት የሌላቸው ትንንሽ ሰዎች፣ የተቆረጡ እጆች፣ መርፌዎች። የግቢያችን ጎረቤት፣ የወሎዋ ሴትዮ፣ በሩ ላይ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች።

አክስቴ ምንድን ነው ይሄ አለችኝ። ማርስ ነው አልኳት።

ጎረቤታችን ሳቀች። «እኛ አገር እንኳ ድግምቱ በጨርቅ ነው የሚሠራው» አለች፤ «ያንቺስ ሠልጥኗል።»

አክስቴ አልሳቀችም። ከሰዎቹ አንዷን አንስታ ይዛለች፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችውን። ከቀኝ ጉልበቷ ሽቦው ትንሽ ብቅ ብሎ ይታያል።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ፈርታለችና ላስደስታት አልኩ።

«አላወቅሻትም እንዴ? አንቺ እኮ ነሽ።»

እሷ ነበረች። ከሁሉም ብዙ የለፋሁት እሷ ላይ ነው። ቆሞ የሚተኩስ ወታደር ነበር፤ ጉልበቱ ላይ ቆርጬ አጠፍኩት፣ ሶፍት በሙጫ ነክሬ ነጠላ አለበስኩት፣ ጥለቱን በአረንጓዴ ቀለም አወጣሁለት። ማርስ ላይ ሁሉም ቆሞ ሲጠብቅ እሷ ብቻ እንድትቀመጥ ብዬ።

አክስቴ ዋላሂ ብላ አማተበች። ካርቱም ብዙ የኖረ ሰው እንዲህ ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚለው። እግሯን መቼ ነው የቆረጥሽው አለች። ጉልበትሽ ማበጥ የጀመረ ሰሞን አልኳት። እውነቱ ይኼው ነው። ስላበጠ ነው ያስቀመጥኩሽ ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ፤ የቱ እንደቀደመ የሚያሳይ ግን ምንም ነገር በእጄ አልነበረም።

ትንሿን ሴትዮ ካርቶኑ ውስጥ መለሰቻት። ከሻንጣዋ ሥር ከአገር ቤት የመጣላትን ጸበል አወጣች።

«አክስቴ፣ ቀለሙ ውሃ አይችልም» አልኳት።

«ጸበል ውሃ ነው እንዴ?»

አፈሰሰችው። የጡቡ ዱቄት ጭቃ ሆነ። ጀሶው ላይ የሣልኳቸው ጉድጓዶች ሟሙ። የሶፍቱ ነጠላ ከትከሻዋ ላይ ተልጦ ወረደ። ምን ላድርግ? ጸበል ከታመመ ሰው እጅ ይነጠቃል? እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ።

ሲያልቅ ሽቦውን አውጪው አለችኝ። አነሳኋት፣ በፒንሳ ያዝኩት፣ አይንቀሳቀስም።

«አይወጣም» አልኩ። «ከጎተትኩት እግሯ ይሰበራል።»

ጎረቤታችን ሳቋን ትታ ማሌሽ፣ አይዞሽ ብላ ወጣች። አክስቴ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ከድና «ተይው፣ ተይው፣ እንዳትነኪው» አለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማልቀስ አማረኝ፣ ለማርስ ይሁን ለእሷ አላውቅም።

«አክስቴ፣ ሽቦው እኮ አልጎዳትም። እሱ ነው የያዛት። እሱ ባይኖር ይሄኔ እግሯ ወድቋል።»

ገባት መሰለኝ፣ ትከሻዋ ረገብ አለ።

«የኔን ታዲያ ምን ይያዘው?» አለችኝ።

በነገር ልትወጋኝ ብላ አልነበረም፤ በእውነት ነው የጠየቀችኝ። ቀጥላም መልሱን ጠበቀች። የተማርሽ ነሽ አይደል የሚል ፊት ነበራት። ምግብ ቤቱ ዛሬ እኔ ልግባልሽ አልኳት። አንዴ አንቺን የላክሁ እንደሆነ አንቺኑ ያስቀሩሻል፣ ያኔ እኔ የት ልገባ ነው አለች። ትክክል ነበረች።

ከአሮጌ ሻሿ ቀደድ አድርጋ ጉልበቷን ጥብቅ አድርጋ አሰረች። ዓርብ ሰው ይበዛል፣ ያላ፣ ልሂድ፣ አለችና ትከሻዬን ተደግፋ ተነሳች። እስከ ውጭው በር አደረስኳት። በግድግዳው ጥላ ጥላ፣ በአንድ እጇ ግንቡን እየዳበሰች ሄደች። እኔ ትንሿን ሴትዮ ጨብጬ ነበር የወጣሁት። ላስቀምጣት ወደ ቤት ተመለስኩ፤ መሬት ላይ ትረገጥብኛለች ብዬ ፈራሁ፣ መስኮቱ ላይ ወድቃ እግሯ ይሰበራል ብዬ ፈራሁ።