ዘር የተቆጠረለት ፒር

አያ አድማሴ በጓሯቸው የተከሉት ዛፍ ስሙ ፒር ነው። ስሙን ከችግኙ ጋር ያመጣው የግብርና ባለሙያው ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ግን ፍሬውን የቀመሰ ሰው ስላልነበረ ቃሉ አፍ ላይ አልቆም አለ፤ ሰዉ አሳጥሮ «የአድማሴ» አለው። ዛፉ በየዓመቱ በነጭ አበባ ይሽቀረቀርና አንዲት ፍሬ ሳያሳይ ያራግፋል። ያን ጊዜ ገበያተኛው አጥሩን ተደግፎ «የአድማሴ ዘንድሮም መካን ነው» ይላል።

አያ አድማሴና ሚስታቸው የትነበርሽ ልጅ አልወለዱም። ወሬው ልባቸውን ያደማው ነበር፤ ዛፉ ይቆረጥ ያላቸውን ሁሉ ተቀየሙ።

በመጨረሻ ባለሙያውን ቢጠይቁት፣ ፒር ብቻውን አያፈራም፣ የሌላ ፒር አበባ ያስፈልገዋል አላቸው። ሌላው ፒር ያለው ደግሞ ከከተማው ዳር፣ ከወይዘሮ ለተ ማርያም ግቢ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሄዶ አንድ ያበበ ቅርንጫፍ ለምኖ ይመለስ ነበር። አያ አድማሴ ግን ወግ አይጥሱም፤ የሰው ልጅ በራስ አፍ አይጠየቅምና ሽማግሌ ላኩ። ወንዱ የትኛው ነው ያለ ቢኖር፣ የላከው ወገን ወንድ ነው ተባለ።

ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጃፍ ቆሙ። «ልጃችን ሸጋ ነው፤ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጣን» አሉ። ወይዘሮ ለተ ማርያም ፈገግም አላሉ።

«ምነው፣ ዘር ሳይቆጠር?»

እውነታቸውን ነው፤ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። የሁለቱን ወላጆች የሚያውቀው ባለሙያው ብቻ ስለነበር ስልክ ተደወለለት። ቆጠራው ገና ከአንደኛው ቤት ሳይወጣ ቆመ፤ ሁለቱም ችግኞች የተወሰዱት ከአንዲት እናት ዛፍ ነበር። ባለሙያውም አስቀድሞ ባለመናገሩ አፍሮ፣ እንዲህ ያሉት እርስ በርስ አያፈሩም፣ ባዕድ ዝርያ ይፈለግ አለ። ሽማግሎቹ አማተቡ። እህትና ወንድም ሊያጋቡ ነበር።

የትነበርሽ ለምሥራቹ ጠላ ጠምቃ ትጠብቅ ነበር። ምሥራች ባይኖርም ጠላው ተጠጣ። ዛፉ መካን አይደለም፣ ባዕድ አጥቶ ነው ሲባል አያ አድማሴ ፊታቸው በራ፤ ለዚያ ለተረገመ ገበያተኛ ሁሉ የሚሉትን ከወዲሁ ማሰናዳት ጀመሩ።

ሽማግሎቹ ከሄዱ በኋላ የትነበርሽ ዋንጫዎቹን ስትሰበስብ ቆየችና ቆም አለች።

«እኛንስ ያን ጊዜ በደንብ ቆጥረውን ነበር?»

በዚያ ቤት የልጅ ነገር ተነስቶ አያውቅም። እሷም ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሳቸውም የኔ ነው እያሉ፣ አንዱ ሌላውን እንዳያስከፋ ለየብቻ ተሸክመውት ኖረዋል። አያ አድማሴ ታለቅሳለች ብለው ፈሩ።

«ቆጥረውናል» አሏት። «ሰባቱንም ቤት።»

«እንግዲያ የማንም ጥፋት አይደለም» አለችና አጠገባቸው ተቀመጠች።