የሾላዋ ኩርባ

ልጅ ሳለሁ ከሐይቅ ከተማ ወደ ውሃው ዳር በሚወስደው መንገድ ስንሄድ፣ ትልቋ ሾላ አጠገብ እንደደረስን ማንም በሌለበት ጮክ ብለን ሰላምታ እንሰጥ ነበር። እኛ «አሰላሙ አለይኩም» እንላለን፣ ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻችን «እንደምን ዋላችሁ» ይላሉ። መልስ የሚጠብቅ አልነበረም፤ እንዲያውም መልስ እንዳይመጣ ነበር የምንፈራው። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲመጣ ይቆይና እዚያ ሲደርስ ድንገት ወደ ዳገቱ ታጥፎ፣ ሾላዋን በሩቁ ዞሮ ይመለሳል። ሹፌሮች ይራገሙበት ነበር። ምክንያቱን ከአያቴ ከአባ እንድሪስ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ መንገዱን በዶማ ከቆፈሩት አንዱ ነበሩና።

ያኔ በቆሎ በሚፈለፈልበት ወቅት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ኩራዝ ተለኩሶ እሳቱን ከበን እንቀመጣለን፤ የተፈለፈለውን ቆረቆንዳ ፍሙ ላይ ስንጨምር ጭሱ ዓይናችንን እያስነባን፣ እሳቸው ደግሞ እኛን ሳይተርቡ ወሬ አይጀምሩም። «ፈሪ ካለ ከአሁኑ ይተኛ! ኋላ ሸኙኝ የሚል እንዳይኖር» ይሉና እኔን ያዩኛል።

መንገዱ ድሮ የእግር መንገድ ነበር ይሉናል፤ ከአምባሰል የሚወርደው ገበያተኛም፣ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሄደው ተሳላሚም በዚያው ያልፋል። ኋላ ውሃው ዳር የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ ነው ተባለና የመኪና መንገድ ተጀመረ። መሐንዲሱ አንድ ጎናቸው ቀይ የተቀባ ችካሎችን በሾላዋ ሥር ቀጥ አድርጎ አስተከለ። ሠራተኞቹ ጠዋት ሲመጡ ችካሎቹ የሉም።

«የሉም ስላችሁ ጠፉ ማለቴ አይደለም» ይላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዳገቱ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል! ቀዩን ፊታቸውን ሁሉም ወደ ውሃው አዙረው።»

እንደገና ተተከሉ፤ በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን መሐንዲሱ ተስፋ ቆርጦ «በቃ፣ በዚያው ይሂድ» አለ። ያነሳቸው ውሃው ውስጥ የሚኖረው መንፈስ፣ የሐይቁ ባለቤት ነው ይሉናል፤ ሰላም ሳይለው የሚያልፈውንም እስከ ቤቱ ይከተለዋል። እዚህ ላይ ሲደርሱ ሰውነቴን ውርር ያደርገኝ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን አያቴ ስለተቆጡኝ አኩርፌ፣ ልብስ አጥቤ ስመለስ በእልህ ሰላም ሳልል ሾላዋን አለፍኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ እግር ሰማሁ። ስቆም ይቆማል፣ ስሄድ ይከተለኛል። ዞሬ ባይ ማንም የለም። የታጠበውን ልብስ አቧራ ላይ ጥዬ ሮጥኩ።

«አባ፣ የሐይቁ ባለቤት ተከተለኝ!»

ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም። «እንዴት ያለ እግር ነው?» አሉኝ።

«የሕፃን ነው። ባዶ እግሩን ነው።»

«አንዱን እግር ይጎትታል?» ብለው ጠየቁኝ።

ይጎትት ነበር። እኔ ግን ይህን ገና አልነገርኳቸውም። ራሴን ስነቀንቅ አያቴ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከእግሩ ድምፅ ይልቅ ያ ነው ያስፈራኝ።

«የሐይቅ ባለቤት የሚባል የለም ልጄ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አሉኝ። በክፉው ቀን፣ ረሃቡ ሰዉን ሲፈጀው፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ ትንሽ እህታቸውን ዘሃራን ይዘው ከአምባሰል በዚያው የእግር መንገድ ወረዱ። እግሯን እሾህ ወግቷት አመርቅዞ ነበር። «እዘለኝ አለችኝ። እኔም ጉልበቴ አልቆ ነበርና ተራመጂ አልኳት። ሾላዋ ሥር ስትደርስ ተቀመጠች፤ አልተነሳችም።» በእንጨት ጭረው ቀበሯት። ድንጋይ የሚያቆሙበት አቅም እንኳ አልነበራቸውም።

«ችካሉን በላይዋ ሲተክሉት፣ ጎማ ይሂድባት? ጎህ ሳይቀድ እየሄድኩ ነቀልኩት። ቀዩን ወደ ውሃው፣ ወደ እሷ ያዞርኩት ዘብ እንዲቆሙላት ነው። ሰላም በሏት ብል ማን ይሰማኛል? ፈርታችሁም ቢሆን በሏት ብዬ ነው።» ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ።

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ካረፉ ቆይተዋል። ዘንድሮ ውሃው ዳር ሎጁ ስለበዛ መንገዱ አስፋልት ሊሆን ነው፣ ኩርባውም ይቀናል ተባለ። ወርጄ ሳይ ችካሎቹ ሾላዋ ሥር ቆመዋል። ምልክት የሌለው መቃብር አለ ብል ማን ያምነኛል? በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሱብሂን ሰግጄ፣ ነቅዬ ዳገቱ ላይ ልተክላቸው ሄድኩ።

የሉም። ዳገቱ ላይ ተሰልፈዋል፤ ቀዩን ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው። ምስጢሩን ለማንም አልተነፈስኩም፣ ወላሂ ለማንም።

ኋላም ተተክለው እንደገና እዚያው ተገኙ፤ በመጨረሻ አስፋልቱ በአሮጌው ኩርባ እንዲያልፍ ተደረገ። ሹፌሮቹ ዛሬም ይራገማሉ። ከእኔ ጋር የቀረው ግን የዚያ ጠዋት መመለሴ ነው። «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ ጉዞ ስጀምር ያ እግር ከኋላዬ ተነሳ፤ አንዱን እየጎተተ። ግን አልሮጥኩም። ሻርፔን በወገቤ አጠበቅኩና ቁጭ ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁ።

«ነይ ዘሃራ» አልኩ፣ «ልዘልሽ።»

ቤቴ እስክገባ ድረስ ከኋላዬ እግር አልሰማሁም።