ስፌቱ ከደረቀ በኋላ

ጉልቤ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። በር ሠሪ ነው። ሌሎች አናጢዎች የከባድ እንጨት መዝጊያ ለመስቀል ሁለት ሦስት ሆነው ሲያምጡ፣ እሱ ብቻውን ብድግ አድርጎ፣ በጉልበቱ ደግፎ፣ ማጠፊያውን ከመቃኑ ጋር አግጥሞ ብሎኑን በአንድ እጁ ያጠብቅ ነበር። ከዚያ ራቅ ብሎ በሩን በትንሽ ጣቱ ገፋ ያደርገዋል። ድምፅ ሳያሰማ ከተዘጋለት ይስቃል። ሲስቅ ደግሞ ለጉድ ነው፤ መጋዙ እየጮኸ እንኳ ሳቁ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል።

የእንጨት ሥራ ቤቱን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዘው ከሸሪኩ ጋር ነው። ሸሪኩን «ሜትር» ይሉታል፤ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም ለማለት። ሜትር ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ከደንበኛ ጋር ይከራከራል። ጉልቤ ያነሳል፣ ይሰቅላል። ሁለቱ ተደምረው አንድ ሙሉ አናጢ ይወጣቸዋል እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር።

ሆዱን ያመመው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። እምብርቱ አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ ወረደ። «ነፍቶኝ ነው» አለና ሙቅ ውኃ ጠጥቶ ሥራውን ቀጠለ። ሚስቱ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ብትለው፣ «በሆድ ቁርጠት ሐኪም ቤት ከሄድኩማ ስሜን ልቀይር» አላት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ድንገት ቀለል አለው። ደስ ብሎት ስልክ ደወለላት፤ «አላልኩሽም?» አላት።

ቀለል ያለው ትርፍ አንጀቱ ስለፈነዳ ነበር። ይህን ያወቁት ዓርብ ጠዋት፣ እየተንቀጠቀጠ በአልጋ እየተገፋ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገባ ነው።

ከእምብርቱ በላይ አራት ጣት ያህል ጀምረው እስከ ታች ከፈቱት። መግሉን አጥበው፣ የተበላሸውን አንጀት ቆርጠው ጤነኛውን ከጤነኛው ቀጠሉት። ሃያ ሦስት ቀን ተኛ። በስድስተኛው ቀን ሜትር ሊጠይቀው መጣና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ «አንጀትህን ቆረጡት አሉ» አለው። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ደንበኛ በሩ ለነገ ይድረስልኝ ብሎ ቢያለቅስብህ፣ የሚራራ አንጀት የለህም ማለት ነው።»

ጉልቤ ሳቀ። ሳቁ ከመሀል ተቆርጦ ጩኸት ሆነ። ሆዱ ከስፌቱ የተተረተረ መሰለው። ነርሷ ሮጣ መጣች፤ ሜትር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሜትር በመጣ ቁጥር ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። ሚስቱም ከቢሮዋ የምታመጣውን ወሬ አስቂኝ አስቂኙን እየገደፈች ትነግረው ጀመር።

ሲወጣ፣ «ለስድስት ሳምንት ከሻይ ማንቆርቆሪያ የከበደ ነገር እንዳያነሱ» ተባለ። እንደተባለው አደረገ። ከአልጋ ሲነሳ መጀመሪያ በጎኑ ይዞራል፤ እግሩን ያወርዳል፤ ከዚያ በክንዱ ይገፋል። ሳል ሲመጣበት ትራስ ሆዱ ላይ ጥብቅ ያደርጋል። ጫማውን ሚስቱ ታስርለታለች። ሽንት ቤት ሲቀመጥ ያልበዋል። ቻለው፤ ስድስት ሳምንት ነዋ፣ መጨረሻ አለው።

ስድስተኛው ሳምንት አለቀ። ስፌቱ ደረቀ፣ ጠባሳው ገጠመ። ሕመሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ በስተቀኝ፣ ጠዋት ሲነሳ አብሮት ይነሳል። ሲራመድ ይጎትተዋል፤ ከበላ በኋላ ይጠመዝዘዋል።

«ምስማር እንጨት ውስጥ ገብቶ ጭንቅላቱ ሲሰበር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት ሚስቱን። «ላዩን ትልጊዋለሽ፣ ቀለም ትቀቢዋለሽ፣ ምንም አይታይም። ምስማሩ ግን እዚያው ነው።»

«ይወጣል። አይዞህ» አለችው።

ጠያቂው መጀመሪያ ቤቱን ሞልቶት ነበር። በሦስተኛው ወር ሳሳ፤ በአራተኛው ቆመ። መንገድ ላይ የሚያገኙት፣ «መልክህ እኮ መጣ! እንዲያውም ወፍረሃል» ይሉታል። ለወፈረ ሰው ማን ያዝናል? «ደህና ነኝ» ብሎ ያልፋል። የሚስቱ ወንድም አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ «ሐሳብ ነው የሚያምህ። ሥራ ብትጀምር ይለቅህ ነበር» አለው። ነገሩ የጉልቤ ሆድ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ እውነት አሞኝ ነው ወይስ ፈርቼ ነው እያለ ራሱን ይጠይቅ ጀመር። የሚያመውን ቦታ በጣቱ ተጭኖ፣ ሲያመው «ይኸው፣ አለ» የሚልበት ቀን መጣ።

በመጨረሻ ተመልሶ ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሟ ወጣት ናት። የሆዱን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ደጋግማ አየችው።

«ምንም መጥፎ ነገር አይታይም» አለችው።

«ታዲያ ምንድን ነው የሚያመኝ?»

«ያን ያህል ከቆሰለ በኋላ አንጀት እርስ በርሱ ይጣበቃል። የተቆረጠ ነርቭም አለ። እንደገና ከፍተን ብናላቅቀው፣ በዚያው ምክንያት እንደገና ሊጣበቅ ይችላል። አልመክርዎትም።»

«መቼ ይለቀኛል?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሊቀንስ ይችላል። ላይለቅዎትም ይችላል። እንዴት አብረውት እንደሚኖሩ ነው ማሰብ ያለብን።»

አመሰገናት። ከዚያ ሁሉ አጽናኝ መሀል ያልዋሸችው እሷ ብቻ ነበረች። ደረጃው አጋማሽ ላይ ግን መደገፊያውን ይዞ ተቀመጠ። የሚወጡት የሚወርዱት ሰዎች እግራቸውን እያነሱ አለፉት።

በማግሥቱ ወደ ሥራ ተመለሰ። ሜትር ብርጭቆ እንኳ አያስነሳውም። «አንተ ተቀምጠህ በብርጭቆ ወረቀት ጣውላ እሽ» ይለዋል፤ እሱም ያሻል። አንድ ሰኞ ሜትር እንጨት ሊመርጥ ሄደ። የአንዲት አሮጊት መዝጊያ አልቆ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ጉልቤ ጋሪ ጠርቶ አስጫነው፤ ባለጋሪው ኮሪደሩ ውስጥ አውርዶለት ሄደ።

አሮጊቷ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ለብቻቸው ነው የሚኖሩት። ከዘራቸውን ተደግፈው ብቅ አሉና፣ «የሚያግዝህ ሰው አልያዝክም እንዴ?» አሉት።

«ለዚች በር እማማ?» አላቸውና ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተ።

በሩን ብድግ አደረገ። ተነሳለት። አንድ ቅጽበት፣ የድሮው ሰው ወደ ሰውነቱ ተመልሶ የገባ መሰለው። በጉልበቱ ደገፈ፣ የላይኛውን ማጠፊያ አገጠመ፣ የመጀመሪያውን ብሎን ግማሽ ድረስ አስገባ። ከዚያ ሕመሙ ያዘው። እንደሁልጊዜው መጎተት አልነበረም፤ እጅ ገብቶ አንጀቱን ጨምድዶ እንደያዘው ነበር። ትንፋሹ ተቆረጠ። ማንሳትም ማውረድም አልቻለም። ቢለቀው በሩ ብሎኑን ነቅሎ በላዩ ላይ ይመጣል። ትከሻውንና ግንባሩን እንጨቱ ላይ አስደግፎ ቀረ።

«ምነው ዝም አልክ?» አሉ አሮጊቷ ከውስጥ።

«ምንም አይደል እማማ። ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።»

«በር ታቅፎ እረፍት አለ እንዴ?»

መጥተው ፊቱን አዩት። «ትንፋሽህን አትያዘው» አሉት። «ስትይዘው ይብሳል። በአፍህ አውጣው። እንደሱ። አሁንም።» መክተፊያ አምጥተው በሩ ሥር ሊሸጉጡ ሞከሩ፤ ውፍረቱ አልሞላ አለ። ብርድ ልብስ አጥፈው መክተፊያው ላይ ደረቡ፤ በሩ ግን አሁንም ትከሻው ላይ ነበር። ከዚያ እያዘገሙ ወደ መንገድ ወጡ። እስኪመለሱ ግማሽ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም። ጉልቤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫው ሥር ያለውን ሽታ፣ ራሱ የቀባውን የቫርኒሽ ሽታ እየሳበ ቆየ። አሮጊቷ ያመጧቸው ሁለት ዳቦ አከፋፋዮች በሩን ከላዩ ሲያነሱለት፣ ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዳቦ አከፋፋዮቹ አፍረው ወጡ።

«ያኔ ሞቼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለ።

አሮጊቷ አልተቆጡም፣ አልገሠጹም። «ይህን ለእኔ አትንገረኝ» አሉት። «እቤትህ ላለ ሰው ንገር። ለማያውቅህ ሰው የተነገረ ነገር መንገድ ላይ እንደወደቀ ነው።»

አመሻሹ ላይ ነገራት። ሚስቱ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። «ያን ቀን ከማደንዘዣው ባልነቃ ይሻለኝ ነበር» አላት።

ሸሚዙን አጥፋ ጨረሰች። እንደገና ፈታችው።

«እኔም ደክሞኛል» አለች። «ስታቃስት እንዳልሰማሁ ሆኜ እተኛለሁ። ብሰማህ ምን አደርግልሃለሁ ብዬ። አይዞህ ስልህ ፊትህ እንዴት እንደሚጨልም አያለሁ፤ ግን ሌላ ቃል የለኝም። ከዛሬ በኋላ አይዞህ አልልህም።»

«እሺ» አላት።

«ግን እንደዚያ ባሰኘህ ቁጥር ንገረኝ። ብቻህን አትያዘው።»

«እሺ።»

ተቃቅፈው አላለቀሱም። እሷ ልብሱን አጣጥፋ ጨረሰች፤ እሱ የማስታገሻ ክኒኑን ውጦ በጎኑ ተኛ።

ሜትር በር የሚሰቅል ሌላ ሰው ቀጠረ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ለጉልቤ ከመቀመጫው ይነሳለታል። ያ ነው የባሰ የሚያመው። ሰውየው መዝጊያ ሲያነሳ ጉልቤ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ራሱ የሚሠራው መሳቢያና የመስኮት ክፈፍ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ከጣውላው ክምር ጀርባ ይጋደማል። ክኒኑ ሕመሙን በግማሽ ያወርደዋል፤ ጭንቅላቱን ግን ጉም ያለብሰዋል። አንድ ጊዜ የስድስት መስኮት እንጨት አሳጥሮ ቆረጠ። በሕይወቱ እንደዚያ ዓይነት ስህተት ሠርቶ አያውቅም። ሜትር አየው፤ ምንም ሳይናገር ቁርጥራጩን ሰብስቦ ወደ ጓሮ ወሰደ። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

እንዲህ እያለ ሁለተኛው ዓመት ተጋመሰ። ሐኪሟ መርፌ ሞከረችለት፤ ሦስት ሳምንት ረድቶት ሕመሙ ተመለሰ። ሌላ መርፌ አለ ብላዋለች። ይሞክራል፤ ተስፋ አድርጎ ግን አይደለም።

ሌላ ከተማ ያገባች ልጅ አለችው። እሑድ እሑድ ትደውላለች። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ፣ «አባዬ ደህና ነህ?» ስትለው «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ብሎ ወዲያው ስልኩን ለእናቷ ያቀብል ነበር። ባለፈው እሑድ ግን አላቀበለም።

«ደህና አይደለሁም» አላት። «ያመኛል። ሁልጊዜ ነው የሚያመኝ። የሚድንም አይመስለኝም።»

ከወዲያ በኩል ለቅሶዋ ተሰማ። ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ለቅሶዋ እስኪበርድ ጠበቃት። ከዚያ ስለ ሥራዋ ጠየቃት። አዲስ ስለመጣባቸው አለቃ፣ ስለተበላሸው የቢሮው መስኮት፣ ብዙ ነገረችው። እሱም እያመመው እስከ መጨረሻው ሰማት።